ባለ አንድ መስኮት ቤት ውስጥ ምን ይሳላል?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ቀን ቢሮ እውላለሁ፤ ማታ ማታና ቅዳሜ እስላለሁ። ያቺን የሠዓሊው የቬርሜርን ወተት ቀጂ ሴት ስልኬ ላይ ሳያት ዓይኔን መንቀል ያቅተኛል። ሴትየዋ እኮ ወተት እየቀዳች ነው፤ ሌላ ምንም የለም! እኔ ጀበናዬን ፎቶ አንስቼ ስስለው ግን የኤርፖርት ሱቅ ፖስትካርድ ይሆንብኛል። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ነው። የሚሳል ነገር የለውም። ያለኝ አንድ መስኮት ወደ ሰሜን ይዞራል። የሠዓሊ መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሚያዝያ ሲገባ ግን ፀሐዩ ዘው ብሎ ይገባል። እነዚያ ሠዓሊዎች እኔ የማላየውን ምን ያያሉ?»

እህቴ፣ ስለ መስኮቱ ያልሽው ነገር በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ «ምን ያያሉ?» ላልሽው ልመልስ።

ጀበና ስታዪ አንጎልሽ «ጀበና» ብሎ ይጨርሳል። አንገት፣ ሆድ፣ እጀታ፣ ጥቁር። ከዚያ እጅሽ ያንን ከልጅነትሽ ጀምሮ የምታውቂውን ጀበና ይስላል። ቬርሜርና መሰሎቹ የሚጠይቁት ሌላ ነው። በጣም የሚበራው የቱ ጋ ነው? በጣም የሚጨልመውስ? የጀበናው ጠርዝ ከኋላው ካለው ግድግዳ ጋር ተቀላቅሎ የሚጠፋው የት ነው? እነዚህን መልሰው ሲጨርሱ ጀበናው ሳይጠሩት ይመጣል። ፖስትካርዱ ጀበና መሆኑን ይነግርሻል። ሥዕሉ ግን ጀበናው የተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጭምር ይነግርሻል።

እስቲ ወተት ቀጂዋን ቀረብ ብለን እንያት። ዮሐነስ ቬርሜር ደልፍት በምትባል የሆላንድ ከተማ በ1658 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ገደማ ነው የሳላት። ዛሬ አምስተርዳም፣ ራይክስሙዚየም ውስጥ ትገኛለች። ቁመቷ 45.5፣ ስፋቷ 41 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በብብት ተሸጉጣ የምትሄድ ሥዕል ናት።

ሴትየዋን ተያት፤ ግድግዳውን እይ። ሙሉው አንድ ነጭ ግድግዳ ነው። ግን በግራ በኩል፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ጠቆር ብሏል፤ ምክንያቱም ብርሃኑ በላዩ አልፎት ይሄዳል። በቀኝ በኩል ደግሞ ደማቅ ነው። ሴትየዋ መሐል ላይ ቆማለች። ብርሃን ያገኘው ጎኗ በጠቆረው ግድግዳ ላይ ያርፋል፤ ጥላ የሆነው ጎኗ በደመቀው ግድግዳ ላይ። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ጎልታ ትወጣለች። ይሄ አልበቃ ብሎት በጥላው ጎኗ ጠርዝ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር አስሮጦባታል። ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር የለም። ፈጥሮ ያስገባው ነው፤ ግን ማንም አይነቃበትም።

ዳቦውን ደግሞ እይው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ዳቦ በትናንሽ የብርሃን ነጠብጣቦች ተረጭቷል። ቀረብ ብለሽ ካየሽው ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ የዳቦ ቅርፊት አይመስልም። ራቅ ስትዪ ቅርፊቱ ሲሰበር የሚሰማሽ ይመስልሻል። ግድግዳው ላይ ሚስማር አለ፤ የሚስማሩ ጥላ አለ፤ ሌላ ሚስማር የተነቀለበት ቀዳዳም አለ። ሽርጧ ሰማያዊ ነው፤ ያ ሰማያዊ ከአፍጋኒስታን ከሚመጣ የከበረ ድንጋይ የሚፈጭ፣ በዘመኑ እጅግ ውድ የነበረ ቀለም ነው። ቬርሜር ያንን ለንግሥት ካባ አላስቀመጠውም። ለወጥ ቤት ሽርጥ አዋለው።

አሁን ደግሞ ለአንቺ በጣም የሚጠቅምሽ ነገር። የሙዚየሙ ባለሙያዎች ሥዕሉን በአዳዲስ መሣሪያዎች መርምረው በ2022 ይፋ እንዳደረጉት፣ ቬርሜር ከጭንቅላቷ በስተጀርባ ማሰሮ የሚሰቀልበት መደርደሪያ ጀምሮ ነበር። ከታች በኩል ደግሞ የከሰል ቅርጫት ነበር። ሁለቱንም በቀለም ሸፈናቸው። አንቺ «ቤቴ የሚሳል ነገር የለውም» ትያለሽ። እሱ የነበረውንም አወጣ። ያ መደርደሪያ እዚያ ቢቀር ኖሮ ዓይናችን ማሰሮ ሲቆጥር ይውል ነበር፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ብርሃን ማን ያየው ነበር?

ባዶ ቤት ይሳላል ወይ ካልሽ ደግሞ ሃመርስሆይን ላስተዋውቅሽ። ቪልሄልም ሃመርስሆይ የኮፐንሃገን ሰው ነው። ከ1898 እስከ 1909 ስትራንድገደ የሚባል መንገድ ላይ በቁጥር 30 ከባለቤቱ ከኢዳ ጋር ኖረ፤ ያንኑ ቤት ደግሞ ደጋግሞ ሳለው። በሩን፣ መስኮቱን፣ ጀርባዋን የሰጠች ኢዳን። በ1900 የሳለው አንድ ሥዕል አለ። ክፍሉ ውስጥ ወንበር የለም፤ ሰው የለም። የተዘጋ በር፣ አንድ መስኮት፣ በመስኮቱ የሚገባ የፀሐይ ጨረር፣ ወለሉ ላይ የወደቀ የመስኮት ቅርጽ። የሥዕሉ መጠሪያ ራሱ በጨረሩ ውስጥ ስለሚደንሱ የአቧራ ብናኞች ነው የሚያወራው። አቧራ! እናቶቻችን ቢያዩት መጥረጊያ ይዘው ይነሱ ነበር።

እኔ በግሌ ከሁሉም የምወደው ግን ሻርዳንን ነው። ዣን ሲሜዮን ሻርዳን ከ1699 እስከ 1779 በፓሪስ የኖረ ሠዓሊ ነው። በዚያ ዘመን የፈረንሳይ አካዳሚ ሥዕልን በማዕረግ ደርድሮ ነበር። ከላይ የነገሥታትና የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ፤ ከታች፣ የመጨረሻው እርከን ላይ፣ የዕቃ ሥዕል፣ እኛ «ስቲል ላይፍ» የምንለው። ሻርዳን ታች ቆየ። አብዛኛውን ዕድሜውን መዳብ ድስት፣ እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ዓሣ ሳለ። በ1760 ገደማ የሠራው፣ ዛሬ አሜሪካ ፒትስበርግ የሚገኝ አንድ ሥዕሉ ላንቺ የተሠራ ይመስላል። አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ አንድ የጠቆረ ቡና ማፍያ፣ ጥቂት ነጭ ሽንኩርት። በቃ። ብርጭቆው ወደ ላይ ይሰፋል፤ ቡና ማፍያው ወደ ታች ይሰፋል። አንዱ ብርሃን ያሳልፋል፤ አንዱ ይውጣል። ነጭ ሽንኩርቱ መሐል ሆኖ ያስታርቃቸዋል። በአንቺ ቤት ከዚህ የጎደለ ነገር አለ? ጀበናው እንኳ አለሽ።

ስለዚህ የጀበናው ጥፋት አይደለም። የእኛ ፖስትካርድ ችግሩ ቡና መሳሉ ሳይሆን ሁሉም ነገር እኩል መብራቱ ነው። ነጩ ቀሚስ ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ጀበናው ሙሉ በሙሉ ጥቁር፣ ሣሩ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ። ብርሃን የሚገባበት ቦታ የለም። ሸራው ላይ ብርሃን የሚታየው ጥላ ሲኖር ብቻ ነው። ከቱቦ የወጣው ነጭ ቀለም ራሱ አያበራም፤ ቤትሽ ውስጥ ከግድግዳሽ የበለጠ አይደምቅም። ቬርሜር የመስኮቱን ብርሃን ያገኘው የቀረውን ሁሉ ዝቅ አድርጎ ነው። በሥዕል ቤት «ቫልዩ» የምንለው ይሄ ነው፤ ቀለሙ ቀይ ይሁን ሰማያዊ፣ ምን ያህል ጨለመ ወይም ደመቀ የሚለው ጉዳይ።

በመሐል አንድ ነገር ልበል። የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይህንን ጨዋታ አይጫወትም፤ አለመጫወቱም ድክመት አይደለም። ቅዱሳኑ ከመስኮት በሚመጣ ብርሃን አይታዩም። መሬት ላይ ጥላ አይጥሉም። ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉው ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሥዕሉ የሚነግርሽ ማን ማን እንደሆነ ነው፤ ሰዓት አያስፈልገውም። ብዙዎቻችን በዚህ ሥዕል ዓይናችንን ስለፈታን በመስመርና በሙሉ ቀለም ማሰብ ይቀናናል። በአንዲት መስኮት የሚገባን ብርሃን መሳል ሌላ ትምህርት ነው፤ በአንድ ሳምንት አይመጣም።

አንድ ሙከራ ልስጥሽ። ነጭ ነጠላሽን ክፍሉ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ራቅ አድርገሽ ስቀዪ። ከውጭ ደግሞ ፀሐይ የመታው የሲሚንቶ ወለል ወይም አጥር ይታይሻል። ካርቶን ላይ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ብሺና በአንዱ ነጠላውን፣ በሌላው ሲሚንቶውን እይ። ግራጫው ሲሚንቶ ከነጩ ነጠላ ይደምቃል። አንጎልሽ «ነጠላ ነጭ ነው፣ ሲሚንቶ ግራጫ ነው» ብሎ ሲያታልልሽ ኖሯል። ካርቶኑ ግን ነጠላ ምን እንደሆነ አያውቅም።

ጥላ ደግሞ ጥቁር አይደለም። ውጭ፣ ጠራ ባለ ቀን፣ ፀሐይ ያልደረሰበትን ቦታ የሚያበራው ሰማዩ ነው። ስለዚህ ጥላው ወደ ሰማያዊ ያደላል። የፈረንሳዩ ሠዓሊ ሞኔ በ1868 እና 69 የብርድ ወራት የበረዶ ሥዕል ሲሠራ የአጥሩን ጥላ ሰማያዊ አደረገው፤ ብዙ ሰው አልተዋጠለትም ነበር። ቤት ውስጥ ደግሞ ጥላው ከጎረቤቱ ይበደራል። ከጀበናው ሆድ ሥር ተመልከቺ፤ የጠረጴዛው ቡናማ ተንጸባርቆበታል። ጉልት ላይ የተቀመጠች ሴት በቀይ ጃንጥላ ሥር ስትሆን ፊቷ ላይ ቅላት ያርፋል። ከመሬት ከተነጠፈው ፕላስቲክ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ብርሃን ይመጣባታል፤ አገጯ ከግንባሯ ሊደምቅ ይችላል። ይሄን ከጭንቅላቱ አውጥቶ የሚስል ሰው የለም። ሄዶ ማየት ነው።

ለዚህ ነው ከፎቶ ብቻ አትሳዪ የምልሽ። ነውር ሆኖ አይደለም። ስልክሽ ግን ለአንቺ ብሎ ወስኖልሻል። ጨለማውን ከፍ፣ ደማቁን ዝቅ አድርጎ ሁሉም እንዲታይ ያስተካክለዋል። የመስኮቱ ብርሃን ቀዝቃዛ፣ የአምፖሉ ሞቃት መሆኑንም «ላስተካክልልሽ» ብሎ ያጠፋዋል። የፈለግሽው ልዩነት ሁሉ በዚያ ያልቃል። ፎቶውን ለእጀታው ቅርጽ፣ ለረከቦቱ ልክ ተጠቀሚበት። ብርሃኑን ከጀበናው ጋር ተቀምጠሽ ውሰጂ።

አሁን ወደ መስኮቱ። የሰሜን መስኮት ምክር ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ እዚያ ትክክል ነው። ደልፍት ከምድር ወገብ በስተሰሜን 52 ዲግሪ ላይ ናት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። ወደ ሰሜን የዞረ መስኮት፣ ከበጋቸው ማለዳና ምሽት በስተቀር፣ ከሰማይ የሚመጣ ለስላሳ ብርሃን ብቻ ያገኛል። ቀኑን ሙሉ ብዙም አይለወጥም። ለሠዓሊ ይሄ ጸጋ ነው።

አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ማገባደጃ ድረስ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በእኛ በስተሰሜን ታልፋለች። ስለዚህ መስኮትሽ አልተሳሳተም፤ አንቺም አልተሳሳትሽ። መጽሐፉ ሌላ አገር ተጽፎ ነው።

ይሄ ማለት ዓመትሽን መከፋፈል ትችያለሽ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ የአንቺ መስኮት የደልፍት መስኮት ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ አይገባበትም፤ ረጅም ሥራ ያኔ ጀምሪ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ጨረሩ በጎን ሰያፍ ይገባል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ከመስኮቱ ሥር ብዙም አይርቅም። ያኔ ወይ ስስ ነጭ ጨርቅ መስኮቱ ላይ ወጥሪ፣ ወይ የሃመርስሆይን ሥራ ሥሪ፤ ጨረሩን ራሱን ሳዪ። ክረምቱ ከገባ በኋላ ደመናው የአንቺ መጋረጃ ነው። ሰው ክረምትን ጨለማ ነው ይላል፤ እኔ ግን ለቤት ውስጥ ሥዕል ከሐምሌ ብርሃን የተሻለ አላውቅም። ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ ጀበናው ላይ ቀስ ብሎ ይዞራል።

ውጭ ወጥተሽ የምትስዪ ከሆነ እኩለ ቀንን ተዪው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የሰው ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፤ ጥላውም እግሩ ሥር ይሸጎጣል። ከጠዋቱ አንድ እስከ ሦስት፣ ከሰዓት ከአሥር በኋላ ጥሩ ነው። ግን ፍጠኚ። እኛ ጋ ጀንበር አንዴ ካዘቀዘቀች ለመጨለም አትለማመጥም። እንደ ሰሜን አውሮፓ የተንዛዛ ምሽት የለንም።

የሚሸሽን ብርሃን እንዴት ይይዙታል ካልሽ ሁለት መንገድ አለ። ሞኔ በ1890 እና 91 የጎረቤት ማሳ ላይ ያለ የእህል ክምር ሲስል ብዙ ሸራ ይዞ ነበር የሚወጣው። ብርሃኑ ሲለወጥ ሸራ ይለውጣል። ክምር እኮ ነው፤ የእኛ ገበሬ በየዓመቱ የሚከምረው። ሌላው መንገድ የስፔናዊው የአንቶኒዮ ሎፔዝ ነው። የማድሪድን ግራን ቪያ መንገድ ከ1974 እስከ 1981 ሳለው። በበጋቸው ወራት፣ መንገዱ ጭር ባለበት ማለዳ፣ ያው ብርሃን ለሚቆይባት አጭር ጊዜ ብቻ ይሠራና ይሄዳል። ነገ በዚያው ሰዓት ይመለሳል። ለአንቺ የሎፔዝ ይሻልሻል፤ ቅዳሜና እሑድ፣ ሁሌ በዚያው ሰዓት፣ አንድ ሸራ። መጀመሪያ የጥላዎቹን ጠርዝ በከሰል ምልክት አድርጊ፤ ከዚያ ጥላው ቢንቀሳቀስ አትከተዪው። የብዙ ጀማሪ ሥዕል የሚበላሸው ጥላ ሲያሳድድ ነው።

አጀማመሩ እንዲህ ይሁን። አምፖሉን አጥፊ፤ ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ሲቀላቀል ሁለት ዓይነት ጥላ ይሰጥሻል። ጠረጴዛውን ከመስኮቱ ጎን አድርጊ። ጀበና፣ አንድ ሲኒ፣ ሁለት ነጭ ሽንኩርት፣ ሌላ ምንም። ካኪ ወረቀት ላይ በከሰልና በነጭ ጠመኔ ብቻ ጀምሪ፤ ወረቀቱ ራሱ መካከለኛው ቫልዩ ይሆንልሻል። ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ እይ፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ሦስት አራት ትልልቅ ቅርጾች ይቀራሉ። ጀበናውና ጥላው አንድ ሆነው ከታዩሽ አንድ አድርገሽ ሳያቸው። አትለያያቸው።

ቀለም ስትገቢ አራት ቱቦ ይበቃል፤ ቲታኒየም ነጭ፣ የሎ ኦከር፣ በርንት ሲየና፣ አልትራማሪን ሰማያዊ። ጥቁር አትግዢ። ሲየናና አልትራማሪን ሲቀላቀሉ የጀበና ጥቁር ይወጣቸዋል፤ ወደ ቡናማም ወደ ሰማያዊም እንደፈለግሽ ታዘነብዪዋለሽ። ጀበናው ትከሻ ላይ ያለችው ብልጭታ የመስኮትሽ ምስል ናት። ልብ ብለሽ ካየሻት ጎበጥ ያለች አራት ማዕዘን ናት። ነጭ አትቀቢያት፤ የሰማይ ቀለም አላት። አንድ ጊዜ፣ በመጨረሻ፣ በአንድ ብሩሽ አስቀምጫትና እጅሽን አንሺ። ፖስትካርዶቹ ላይ በግራም በቀኝም ነጭ መስመር የምታዪው ሠሪው መስኮት ስላልነበረው ነው።

ዕጣን ካጨስሽ ጢሱንም እይው። ከጨለማ ግድግዳ ፊት ሲወጣ ሰማያዊ ነው። ያው ጢስ መስኮቱ ፊት ሲደርስ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ነጭ ጥምዝምዝ አድርጎ የሚስለው ሰው አንዱንም አላየም ማለት ነው።

በስልክ የምታያቸው ሥዕሎች ቀለማቸው እንደ ስክሪኑ ነው፤ ስለዚህ እግርሽን አንቀሳቅሺ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሥዕሎች አሉ፤ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከልም አለልሽ። የገብረ ክርስቶስ ብዙው ሥራ ረቂቅ (አብስትራክት) ነው። ግን ቀለሙ በምን ያህል ውፍረት እንደተቀባና ሁለት ቀለም ጠርዝ ለጠርዝ ሲገናኝ ምን እንደሚሆን የሚታየው ሸራው ፊት ሲቆሙ ነው።

ማታ ለምትስዪው ደግሞ የጣሪያውን አምፖል ተዪውና አንድ የጠረጴዛ መብራት ከዕቃዎቹ ጎን፣ ዝቅ አድርገሽ አስቀምጪ። መብራት ከጠፋም ሻማ አለ። የፈረንሳዩ ዦርዥ ደ ላ ቱር በ1600ዎቹ በሻማ ብርሃን ሰው ሲስል ነበልባሉን አንዳንዴ በእጅ ይጋርደዋል፤ ጣቶቹ መሐል ቀላ ያለ ብርሃን ያልፋል። ሸራሽን የሚያበራ ሌላ ትንሽ መብራት ያስፈልግሻል፤ ዕቃዎቹን እንዳይነካ ግን ጋርጂው። ቀለሙ ላይ ያኔውኑ አትፍረጂ። በሞቃት አምፖል ሥር ፈዛዛ ቢጫና ነጭ አይለዩም፤ ማታ ነጭ መስሎሽ የቀባሽው ነጠላ ጠዋት ቅቤ መስሎ ሊጠብቅሽ ይችላል። ቱቦዎቹ ላይ ስማቸውን በትልቁ ጻፊና በዚያ እየተመራሽ ቀቢ፤ ማስተካከያውን ቅዳሜ ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን ትሠሪዋለሽ።